ለሥራ ምክር 24 ሺህ ብር ልክፈል ወይ?

ደብዳቤው

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው እዚሁ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። በሂሳብ አያያዝ ተመርቄ በአንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ስሠራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። እጄ ላይ የሚደርሰው 11 ሺህ ብር ነው፤ ደመወዜ ከተነካ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሥራው ሰለቸኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የሚያንገበግበኝ የዛሬ አምስት ዓመት የነበርኩበት ወንበር ላይ ዛሬም መቀመጤ ነው። ዓይኔ ያረፈው ሎጂስቲክስ ላይ ነው። ነፃ የንግድ ቀጣናው ከተከፈተ ወዲህ የማውቃቸው ልጆች አንድ በአንድ ወደዚያ ሲሄዱ አያለሁ።

ባለፈው ወር በቴሌግራም አንዲት የሥራ ሕይወት አማካሪ አገኘሁ፤ ራሷን «ካሪየር ኮች» ትላለች። የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። ለስምንት ሳምንት፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት በቪዲዮ ታነጋግረኛለች፤ ሲቪዬን ታስተካክላለች፤ ለቃለ መጠይቅ ታዘጋጀኛለች። ዋጋው 24 ሺህ ብር ሲሆን ቀድሞ ይከፈላል። በሦስት ወር ውስጥ ሥራ ካላገኘሽ ግማሹን እመልሳለሁ ብላኛለች። በሚቀጥለው ወር የ30 ሺህ ብር እቁብ ይደርሰኛል። ባለቤቴ «ገንዘቡ የራስሽ ነው፤ ግን የምትገዢው ዕቃ አልታየኝም» አለኝ። እናቴማ በሳቅ ልትሞት ነበር፤ «ለምክር ገንዘብ የሚከፈለው ከመቼ ወዲህ ነው? ነይ እኔ በነፃ ልምከርሽ» አለችኝ።

እግረ መንገዴን፣ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት የሰነድ ክትትል ባለሙያ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። «በሎጂስቲክስ ዘርፍ አምስት ዓመት የሠራ» ስለሚል ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝና ተውኩት። አሁን ቀኑን አራዝመውት አየሁ። ለማንኛውም ጥያቄዬ ገንዘቡን ልክፈል ወይስ ይቅር የሚል ነው። ሲቪዬን አያይዣለሁ፤ ካስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሰ. ከሳቢያን»

መልሱ

እህቴ ሰ.፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ዓይኔን የያዘው 24 ሺህ ብሩ ነበር። በሁለተኛው ግን «እግረ መንገዴን» ብለሽ ያለፍሽው ነገር አላላውስ አለኝ። ወደ እርሱ እመለሳለሁ፤ በቅድሚያ ለጠየቅሽኝ ልመልስ።

አትክፈይ። አሁን፣ በዚህ ዋጋ፣ ለዚህ ጉዳይ አትክፈይ።

እናትሽ ይህን ሰምተው በድል አድራጊነት እንዳይስቁብሽ ግን ልጨምርበት። ለምክር ገንዘብ መክፈል ነውር አይደለም። ጠበቃ የሚሸጠው ምክር ነው፤ የመሬት ጉዳይ የገጠመው ሰው ሳያማክረው ውሎ አያድርም። ድሮ በዚህ ከተማ የሥራ ምክር ያልተከፈለበት ከሥራው ጋር አብሮ ይመጣ ስለነበር ነው። አባቴ የሽመንደፈር ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ እዚህ ደርሶ ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ የባቡሩ ጋራዥ ወጣቱን ተቀብሎ አንድ አንጋፋ ሥር ያስቀምጠው ነበር። አንጋፋው በፈረንሳይኛ እየተቆጣ ብሎን ማጥበቅ ያስተምረዋል፤ መቼ ዕድገት መጠየቅ እንዳለበት፣ የትኛውን አለቃ መሸሽ እንደሚበጀው፣ ከማን ልጅ ጋር እንዳይጣላ ጭምር ይነግረዋል። አንቺ እንዲህ ያለ ሰው የለሽም። የሂሳብ ክፍላችሁ ውስጥ ያላችሁት ሁለት እንደሆናችሁ፣ አለቃሽም ባለቤቱ ራሱ እንደሆነ ሲቪሽ ላይ አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ የሚመራኝ ሰው ልግዛ ማለትሽ ሞኝነት አይደለም። ጥያቄው የምትገዢው ነገር የጎደለሽ ነገር ነው ወይ የሚለው ነው።

ኮች የሚባለው ሰው ምን እንደሚሸጥ እንተያይ። መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ፣ በአብዛኛው ዓለም ኮች ለመባል የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። ሐኪም ነኝ ብሎ ክሊኒክ የከፈተ ይታሰራል፤ ኮች ነኝ ብሎ የቴሌግራም ቻናል የከፈተ ግን ተከታይ ያፈራል። ሙያውን ከገበያ ጩኸት ለመለየት የሚሞክሩ ማኅበራት ግን አሉ። ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ሲሆን ባለሙያዎችን በሦስት ደረጃ ይመሰክርላቸዋል። ለመጀመሪያው ደረጃ ቢያንስ 60 ሰዓት መሠልጠንና 100 ሰዓት ሰዎችን ማገዝ ይጠይቃል። ለሁለተኛው ሥልጠናው 125 ሰዓት፣ ልምዱ 500 ሰዓት ነው። ለሦስተኛው ደግሞ 200 ሰዓት ሥልጠናና 2,500 ሰዓት ልምድ። የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ስሙ በፌዴሬሽኑ ድረ ገጽ ላይ ተፈልጎ ይገኛል። ሴትየዋን «የትኛው ደረጃ ላይ ነሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ወረቀት የሌለው ሁሉ አጭበርባሪ ነው አልልም፤ ነገር ግን አመላለሷ ብዙ ይነግርሻል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ተገቢውን ሥልጠና የወሰደ ኮች ሥራው መጠየቅ እንጂ መንገር አይደለም። አንቺ ራስሽ መልሱን እንድታወጪው እያደረገ፣ የተናገርሽውን በሚቀጥለው ሳምንት እያስታወሰ፣ ያላደረግሽውን ለምን እንዳላደረግሽ እየጠየቀ ይሄዳል። ሥራ አስገኝልሻለሁ አይልም፤ ሥራው በእጁ አይደለምና። ያንቺዋ «ግማሹን እመልሳለሁ» ብላለች። እስቲ ይህቺን ቃል እንደ ውል አንብቢያት፤ የሂሳብ ሰው ነሽ። «ሥራ» ማለት የትኛውም ሥራ ነው? የሱቅ ሽያጭ ቢገኝስ? አንቺ የቀረበልሽን አልፈልግም ብትዪ ተመላሹ ይቀራል? ሦስት ወሩ የሚቆጠረው ከክፍያው ነው ወይስ ከስምንተኛው ሳምንት? ደረሰኝ የሌለው 24 ሺህ ብር ግማሹ ስንት ነው? እኔ እንደሚገባኝ ዜሮ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከእኔው ኪስ የወጣ ነው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ፣ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ሳለሁ፣ «የሥራ ሕይወትዎን በሁለት ቀን ይቀይሩ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ 1,800 ብር ከፈልኩ። ለዚያን ጊዜ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ሚያዝያ ነው፤ የሆቴሉ አዳራሽ ማራገቢያ ግማሹ ይዞራል፣ ግማሹ ይንቀጠቀጣል። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ «ዓይናችሁን ጨፍኑና ከአምስት ዓመት በኋላ ራሳችሁን እዩ» አለን። አጠገቤ የነበረው የጋራዥ ኃላፊ ጨፈነና እዚያው ተኛ። ማንኮራፋቱ እስከ ሻይ ዕረፍት ቆየ። በሁለተኛው ቀን ሰርተፊኬትና ሰማያዊ ፋይል ተሰጠን። ፋይሉ ዛሬም ቤቴ አለ፤ የመብራት ደረሰኝ አስቀምጥበታለሁ። ጋራዥ ኃላፊው ደግሞ ከሁላችን በላይ ተጠቅሟል፤ ቢያንስ እንቅልፉን ጠግቧል።

በዚያ ምክንያት ለብዙ ዓመት ኮች የሚባል ሁሉ ያስቀኝ ነበር፤ እንደ እናትሽ። ሳቄን ያቆመችው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ሠራተኛ ሆና ቆይታ በአንድ ቀን ደብዳቤ የ14 ሰው አለቃ ሆነች። ትናንት አንድ ትሪ ላይ ፉል የበሉትን ሰዎች ዛሬ ማዘዝ አቃታት። ሪፖርት ሲያዘገዩ ራሷ ትጽፍላቸዋለች፤ የሌሊት ፈረቃ ሲጓደል ራሷ ትገባለች። በአራት ወር ውስጥ ከሳች። ድርጅቱ ከፍሎ አንዲት ኮች ስድስት ጊዜ አነጋገረቻት። እኔ በሁለተኛው ላይ መግቢያውን ብቻ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ «ሪፖርቱን አንቺ ስትጽፊለት እርሱ ምን ይማራል?» ብላ ጠየቀቻትና ዝም አለች። ባልደረባዬም ዝም አለች። ረጅም ዝምታ ነበር፤ አላስችል ብሎኝ ወጣሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያልተሟላ ሪፖርት ለባለቤቱ ስትመልስ አየኋት፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን መለሰችው። ያ ገንዘብ ዋጋውን አውጥቷል። ችግሩ ያለው እርሷው ውስጥ ነበር፤ የሚያውቃት ሁሉ ደግሞ ወይ የበታቿ ወይ አለቃዋ ስለሆነ በግልጽ ልታወራው አትችልም ነበር። ከፋዩም ድርጅቱ ነው፤ ይህን አትርሺ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሲቪሽ ልጀምር። የመጀመሪያው መስመርሽ እንዲህ ይላል፦ «የድርጅቱን የሂሳብ ሥራዎች በአግባቡ ማከናወንና ከበላይ አካል የሚሰጡ ተጨማሪ ሥራዎችን መሥራት።» ይህን መስመር በ26 ዓመት ውስጥ ምናልባት ሦስት ሺህ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ገንዘብ ያዥም፣ መጋዘን ያዥም፣ ጸሐፊም ይጽፈዋል። ምንም አይናገርም። ወረድ ብዬ ሳይ ግን በስድስተኛው መስመር ላይ፣ አፍራ እንደተሸሸገች ልጅ፣ «የገቢ ዕቃ ሰነዶችን ከባንክ ጋር ማመሳከር» የሚል አለ።

እህቴ፣ ይህ እኮ ሎጂስቲክስ ነው! የምትሠሪው አስመጪ ቤት ነው። ብረቱም ሴራሚኩም በጅቡቲ ወደብ ይገባል። ኤልሲ (የባንኩ የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ) ሲከፈት፣ የንግድ ኢንቮይሱ፣ የእሽግ ዝርዝሩ፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመጫኛ ሰነዱ) አንድ ላይ ሲመጡ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ሲሞላ፣ እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቁጥራቸው መግጠሙን የሚያየው ማነው? አንቺ ነሽ። በእሽግ ዝርዝሩና በመጫኛ ሰነዱ መካከል የክብደት ልዩነት ሲኖር ባንኩ ሰነዱን እንደሚመልስ፣ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ በቆመ ቁጥር ዴመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ በዶላር እንደሚቆጥር ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። ኤፍኦቢና ሲአይኤፍ የሚባሉት የንግድ ውል ቃላት ለአንቺ ፊደል ብቻ አይደሉም፤ የመርከብ ኪራዩና መድኑ በማን ሂሳብ ላይ እንደሚወድቅ በየወሩ ትመዘግቢዋለሽ። እነዚህን ቃላት የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020ው እትም 11 ብቻ ናቸው፤ ያላወቅሻቸውን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ታነቢያቸዋለሽ። ለዚህ የሚሆን ኮች አያስፈልግም፤ ቀዝቃዛ ውኃና ማራገቢያ ይበቃል።

መስመሩን እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፦ «በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገቡ፣ በዓመት … ያህል ጭነቶችን የኤልሲ፣ የቢል ኦፍ ሌዲንግና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሰነዶች አመሳክሬ ሂሳባቸውን እዘጋለሁ፤ በወደብ ማከማቻና በዴመሬጅ ክፍያ ላይ ከአስተላላፊዎች ጋር የሚነሱ ልዩነቶችን ተከታትዬ አስፈታለሁ።» ስድስተኛ የነበረው አንደኛ ሆኗል። አንድም ውሸት የለበትም፤ ሁሉም ስትሠሪው የኖርሽው ነው።

አዲስ አበባ ያለችው አማካሪ ይህን ታይልሽ ነበር? ምናልባት። ስለ ዴመሬጅ ካወቀች። ካላወቀች ግን ያንኑ መስመር ጥሩ ቅጽል ጨምራ ትመልስልሻለች፤ «ብቁ»፣ «ትጉህ»፣ «በቡድን የመሥራት ክህሎት ያላት»። እኔ ሲቪ ሳነብ ቅጽል ላይ ስደርስ ዓይኔ ይዘል ነበር፤ የሚያስቆመኝ ቁጥር ነው።

ሁለተኛው የጎደለሽ ነገር ሰው ነው። ዘመድ ማለቴ አይደለም፤ ለዘመድ ጆሮሽ ሲነሣ አየሁት! ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት በቦስተን አቅራቢያ በሰው በኩል ሥራ ያገኙትን ጠይቆ ነበር። ወሬውን ያመጣላቸውን ሰው ብዙ ጊዜ እናገኘው ነበር ያሉት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የተቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነው የነገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከ20 ሚሊዮን በሚበልጡ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ወደዚያው አዘነበለ፤ መጠነኛ ትውውቅ ከቅርብ ወዳጅነት ይልቅ ለሥራ ይረዳል የሚል ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ባለቤትሽ፣ እናትሽ፣ የእቁብ ጓደኞችሽ የሚያውቁትን ወሬ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አብራችሁ ነዋ የሰማችሁት። አዲስ ወሬ የሚመጣው እምብዛም ከማታገኚው ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሞልቶሻል። በየሳምንቱ «ኮንቴይነሩ የት ደረሰ?» እያልሽ የምትደውዪለት፣ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ትራንዚተር አለ። የባንኩ የውጭ ንግድ ክፍል ሠራተኛ አለች። ደረቅ ወደቡ ላይ መልቀቂያ የሚፈርመው አለ። የጭነት መኪና ባለንብረቱ አለ፤ ክፍያ ስታዘገዪበት ይጮህብሻል፣ ስትከፍዪው ይመርቅሻል። እነዚህ ሰዎች ድምፅሽን ያውቃሉ፤ ሰነድሽ ንጹሕ መሆኑንም ያውቃሉ። የማያውቁት አንድ ነገር ቢኖር መውጣት እንደምትፈልጊ ነው። ለሦስቱ ንገሪያቸው። ከድርጅትሽ ባለቤት ጋር ውለው የሚያድሩትን ግን ለይተሽ ተያቸው፤ ወሬው ቀድሞሽ ቢሮ እንዳይገባ።

አነጋገሩ ከከበደሽ ይኸው፦ «ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣ ሰ. ነኝ። ዛሬ የደወልኩት ስለ ኮንቴይነር አይደለም። ወደ ጭነት ማስተላለፍ ሥራ ለመግባት እያሰብኩ ነው። ሥራ ይፈልጉልኝ ለማለት አይደለም፤ ሥራዬን ስለሚያውቁት ምን እንደሚጎድለኝ እንዲነግሩኝ ፈልጌ ነው። 20 ደቂቃ ቢሰጡኝ ከዚራ ሻይ ልጋብዝዎት።» 11 ሰዓት ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ ዛፍ ሥር፣ ሰው ምክር ተጠይቆ እምቢ ሲል አላየሁም። ሥራ ስትጠይቂው ይሸሽሻል፤ ምክር ስትጠይቂው ግን ወንበሩን ያስጠጋል፤ ሁለተኛ ሻይ ያዛል፤ ሳትጠይቂውም «እገሌ ቤት ሰው ይፈልጋሉ» ይልሻል። የሦስት ሰው ሻይና ሳምቡሳ ስንት እንደሚሆን አንቺ አስቢው።

በነፃ የሚገኘውንም ቶሎ ልጥቀስና ልለፍ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ መመዝገብ ገንዘብ አይጠይቅም። የተመረቅሽበት ዩኒቨርሲቲ የሙያ ማዕከል ካለው ጎራ ብለሽ ጠይቂ፤ ለተመራቂ ብቻ ነው ካሉሽ ተመራቂ ነሽ። የዳታ ሥራ መማር ከፈለግሽ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባለው የመንግሥት ሥልጠና በኢንተርኔት በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል፤ አሁንም ክፍት መሆኑን አጣሪ። የጉምሩክ አስተላላፊነት ፈቃድ ወደፊት ካማረሽ የሚሰጠው የጉምሩክ ኮሚሽን ነው፤ መስፈርቱን ከዚያው ጠይቂ፣ ከቴሌግራም አይደለም።

አሁን «እግረ መንገዴን» ያልሽው ዘንድ ደረስን። «በሎጂስቲክስ ዘርፍ አምስት ዓመት» ስላለ ተውኩት አልሽ። እኔ ያንን ዓይነት መስመር በገዛ እጄ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! እንዴት እንደሚጻፍ ልንገርሽ። የክፍሉ ኃላፊ ይጠራና «ምን ዓይነት ሰው ትፈልጋለህ?» ይባላል። የሄደው ሠራተኛ አምስት ዓመት ሠርቶ ስለነበር «አምስት ዓመት» ይላል። እኛ እንጽፈዋለን። የመንግሥት ቤት ከሆነ ያ ቁጥር ብረት ነው፤ ኮሚቴው ያየዋል፣ ቅሬታ ሰሚው ያየዋል። የግል ድርጅት ከሆነ ግን ምኞት ነው። ሳጥኑ ሲከፈት የሚገኘው ግማሹን የሚያሟላ ሰው ነው፤ ከግማሾቹ መካከል ሰነድ ሳይሳሳት የሚይዘው ይቀጠራል።

ማስታወቂያው ደግሞ ተራዝሟል። ቀን የሚራዘምባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ጉዞ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ያመለከተው ሰው ቁጥር አንሶ ሊሆን ይችላል። እኔ ስፈርምበት ከነበሩት ግን አብዛኛዎቹ የተራዘሙት ክምሩ ውስጥ የምንፈልገውን ሰው ስላጣን ነው። ያንን የምታውቂ መስሎኝ ነበር፤ ለምን ታውቂዋለሽ ግን? አንቺ ያለሽው ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነው።

ስለዚህ እንደሚመስለኝ የጎደለሽ ምክር አይደለም፤ «አይሆንም» መባልን ፈርተሻል። ስምንት ሳምንት ከኮች ጋር ማውራት ማመልከቻውን ለስምንት ሳምንት የሚያዘገይ የተከበረ ምክንያት ይሆንልሻል። ይህን ስልሽ እንዳታዝኚብኝ። እኔም 1,800 ብር የከፈልኩት በዚያው ሰሞን ሳላመለክት ያሳለፍኩት የሥራ ቦታ ስለነበረ ነው። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ ይኸው ዛሬ ታነበዋለች።

ፍርሃቱ ግን መሠረት የለሽ አይደለም። ቋሚ ሥራ ትቶ መሄድ ያስፈራል። ባለቤትሽ የዕቃው ዓይነት አልታየኝም ያለው ለዚህ ይመስለኛል። እንግዲህ የእቁቡን ገንዘብ የሚሠራ ቦታ ላሳይሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አትስማሚም ካሉሽ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። በሳምንት ስድስት ቀን ከተሠራ 60 የሥራ ቀን ማለት አሥር ሳምንት ነው። ያንቺ ደመወዝ ለአሥር ሳምንት ሲታሰብ 25 ሺህ ብር ገደማ ይመጣል። ገንዘቡ ማን ሒሳብ ላይ ቢቀመጥ ነው በድፍረት እንድታመለክቺ የሚያደርግሽ? የኮቿ ሒሳብ ላይ ወይስ ያንቺ? ባንክ አስገቢውና «የ60 ቀኑ» ብለሽ ስም አውጪለት። አሁን ያለሽበትን ቤት ስትለቂ በዚያው አዋጅ መሠረት የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለብሽ አትርሺ። የመቀጠሪያ ደብዳቤ በእጅሽ ሳይገባ ግን ለማንም ምንም አትስጪ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ ሦስት ሻይ ጠጥተሽ፣ አምስት ቦታ አመልክተሽ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ እየደረስሽ የምትወድቂ ከሆነ ያኔ ነገሩ ይለወጣል። ችግሩ አፍ ላይ ነው ማለት ነው፤ ለዚያ የሚከፈል ገንዘብ አይቆጭም። ሴትየዋን «ስምንቱን ሳይሆን አንዱን ሰዓት ብቻ ልግዛ» በያት። በሂሳቧ አንዱ ሰዓት 3 ሺህ ብር ነው። ቃለ መጠይቁን አስመስላ ትጠይቅሽ፣ አንቺ ትመልሺ፣ የት እንደተንተባተብሽ ትንገርሽ። ከመክፈልሽ በፊት ከዚህ በፊት ያገዘቻቸውን ሁለት ሰዎች አነጋግሪ፤ ደረሰኝ ትቆርጥ እንደሆነም ጠይቂ። አንድ ሰዓት አልሸጥም፣ ወይ ስምንቱን ወይ ምንም ካለችሽ መልሱን አግኝተሻል። ከሸጠችልሽና ሰዓቱ ከጠቀመሽ ደግሞ ሁለተኛውን ግዢ፤ እኔ ቂም የለኝም።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የነፃ ምክራቸውንም ስሚያቸው፤ ስለ ኮንቴይነር ባያውቁም ልጃቸው መቼ እንደምትፈራ ያውቃሉ።

ሲቪሽን አስተካክዬ በላክሽበት አድራሻ መልሼዋለሁ። ከሁለት ገጽ ወደ አንድ ገጽ ወርዷል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ አባልነትሽን ሰርዣለሁ፤ ይቅርታ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ግን ሦስት ነጥብ አስቀምጫለሁ፤ በዓመት ስንት ጭነት እንደምትዘጊ እኔ አላውቅም። ነገ ቢሮ ስትገቢ ያለፈውን ዓመት ፋይል አውጥተሽ ቁጠሪና ሙዪው፤ የተራዘመው ቀን ሳያልቅም ላኪው።